ከላብ ጠረጴዛ፦ ስለ ኬሚስትሪ ላብ ቃላት ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ሰላም እንዴት ናችሁ ውድ አንባቢዎቻችን። ባለፈው እትም የኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ግራ የሚያጋቧችሁን ቃላት ላኩልን ብለን ነበር፣ ከተማሪም ከሰራተኛም ከውጭ ሀገርም መጥቶልናል፣ ሁሉንም ማውጣት ስላልቻልን የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። መልስ ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልናገር፣ የላብ ቃል ማወቅ ለፈተና ብቻ አይደለም፣ አንድ ስም ሁለት ነገር ከጠራ አንድ ቀን የሰው እጅ ወይ ዓይን ይጎዳል፣ ለዛ ነው አንዳንዱን ረዘም አድርጌ የመለስኩት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ከደብረ ማርቆስ። ፈተና ላይ "ኮንሰንትሬትድ አሴቲክ አሲድ ስትሮንግ አሲድ ነው" የሚለውን እውነት ብዬ መለስኩና ኤክስ ሆነብኝ። ቲቸርን ስጠይቀው "ስትሮንግ ሌላ ኮንሰንትሬትድ ሌላ" ብሎኝ አለፈ። በአማርኛ ሁለቱንም ጠንካራ አይደል እንዴ የምንለው?

መልስ፦ ቲቸርህ ልክ ነው፣ አንተ ላይ የደረሰው ደግሞ ብዙ ተማሪ ላይ የሚደርስ ነው፣ ሁለቱም ቃላት አማርኛ ላይ ሲመጡ "ጠንካራ" ላይ ስለሚያርፉ። ስትሮንግ የሚለው ስለ አሲዱ ባህሪ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪዩሎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ተለያይተው ሃይድሮጅን አዮን ከሰጡ ስትሮንግ ነው፣ ሃይድሮክሎሪክና ናይትሪክ አሲድ እንደዛ ናቸው። አሴቲክ አሲድ ግን፣ ያው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ 1 ሞላር የሆነ ብጥብጥ ውስጥ (ሞላር በ1 ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ስንት ሞል አለ የሚለው መለኪያ ነው፣ ሞል ደግሞ የሞለኪዩል መቁጠሪያ ነው) ከ1000 ሞለኪዩል 4 ያህሉ ብቻ ናቸው የሚለያዩት፣ ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ምንም ያህል አሴቲክ አሲድ ብታበዛ ዊክነቱ፣ ማለትም ደካማነቱ፣ አይለወጥም፣ ተፈጥሮው ነው።

ኮንሰንትሬትድ ደግሞ ስለ መጠን ብቻ ነው የሚያወራው፣ በዚህ ያህል ውሃ ውስጥ ምን ያህል አሲድ አለ ነው ነገሩ። ላብ ውስጥ ኮንሰንትሬትድ ተብሎ የሚመጣው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 37 በመቶ አካባቢ ነው፣ ወደ 12 ሞላር፣ ሰልፈሪክ 98 በመቶ ሆኖ 18 ሞላር ገደማ ነው፣ ግላሻል የሚባለው አሴቲክ አሲድ ደግሞ ወደ 17 ሞላር ይደርሳል። ግላሻል የተባለውም 17 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደ በረዶ ስለሚረጋ ነው፣ ደጋ አካባቢ ባለ ላብ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ብታገኘው እንዳትደነግጥ። እና ይሄ 17 ሞላሩ አሲድ ዊክ ነው፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል። 0.001 ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ስትሮንግ ነው ግን በጣም ቀጭን ነው። እኔ ሳስተምር ስትሮንግና ዊክን "ብርቱ" እና "ደካማ"፣ ኮንሰንትሬትድና ዳይሉትን ደግሞ "ወፍራም" እና "ቀጭን" ነው የምላቸው፣ ሁለት የተለያየ ጥንድ ከያዝክ አይደባለቅብህም።

አንድ ነገር ግን አደራ የምልህ፣ ዊክ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በኬሚስትሪ ደንብ ዊክ ነው፣ ነገር ግን ላብ ውስጥ ካሉት አሲዶች በጣም ከሚፈሩት አንዱ እሱ ነው፣ ቆዳን አልፎ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፣ ቀጠን ያለው ከሆነ ህመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ልብ እስከማቆም ይደርሳል፣ ለዛ ነው እሱ ያለበት ላብ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባል ቅባት አጠገቡ ካልተቀመጠ ስራ መጀመር የሌለበት።

ወፍራም አሲድ ስታቀጥን ደግሞ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ነው በትንሽ በትንሹ እያማሰልክ የምትጨምረው። ውሃውን አሲዱ ላይ ካፈሰስከው፣ በተለይ ሰልፈሪክ ከሆነ፣ የሚወጣው ሙቀት ከላዩ ያለውን ጥቂት ውሃ ወዲያው አፍልቶ አሲዱን ፊትህ ላይ ይረጨዋል።

አያይዘህ "ፒኤች ከ0 እስከ 14 ብቻ ነው ወይ" ላልከው፣ አይደለም። ፒኤችን፣ ያው የአሲድነት መለኪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላብራቶሪ ውስጥ ያስተዋወቀው ሶረንሰን ነው፣ 0 ማለት የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን 1 ሞላር ገደማ ሲሆን ነው፣ ከዛ ከበለጠ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል። ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ አፋር ዳሎል ላይ ያሉት ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ፒኤቻቸው ከ0 በታች ሆኖ ተለክቷል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። አዳማ ነው የምኖረው፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሳሙና ሰርተን ለመሸጥ አስበናል። በእጅ ተጽፎ የተሰጠን አሰራር ላይ "ሶዳ 500 ግራም" ይላል እንጂ የትኛው ሶዳ እንደሆነ አይልም። ሱቅ ስጠይቅ አንዱ የዳቦ ሶዳ ሌላው የልብስ ሶዳ ሌላው ካስቲክ ይለኛል። የትኛው ነው?

መልስ፦ ጋሼ እንኳን ሳይገዙ ጠየቁን። ሶዳ የሚለው ቃል ብቻውን ላብ ውስጥ መጻፍ የለበትም፣ ምክንያቱም እርስዎ ሱቅ ያገኟቸው ሶስቱም ሶዳ ናቸው፣ የሚጠጣውን ካልቆጠርን ማለት ነው። የዳቦው ወይም ቤኪንግ ሶዳ የሚባለው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፣ ይሄ የሚበላ ነው። የልብሱ ሶዳ፣ ሶዳ አሽ ወይ ዋሺንግ ሶዳ የሚሉት፣ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፣ እኛ ሀገር ከአቢጃታ ሐይቅ ሲወጣ የቆየው እሱ ነው፣ እጅ ያደርቃል ዓይንም ይቆጠቁጣል። ካስቲክ ሶዳ ደግሞ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ይሄ ስጋ ይበላል። ሶስቱም ነጭ ናቸው፣ ዱቄት ሆነው ከመጡ በዓይን አይለዩም።

ለጠንካራ የገላ ወይም የልብስ ሳሙና የሚያስፈልገው ሶስተኛው፣ ካስቲኩ ነው። ሲገዙ ስሙን ብቻ አይመኑ፣ ማሸጊያው ላይ ካስ ቁጥር የሚባል አለ፣ በዓለም ላይ ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠ የራሱ ቁጥር ነው፣ የትም ሀገር ቢመረት ቁጥሩ አይቀየርም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 1310-73-2 ነው፣ ሶዲየም ካርቦኔት 497-19-8፣ ባይካርቦኔት 144-55-8። ቁጥሩ ከሌለበት ከረጢት፣ በተለይ ተሰፍሮ በላስቲክ ከሚሸጥ፣ ባይገዙ እመርጣለሁ።

"500 ግራም" የሚለውም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ለምን ያህል ዘይት? ለየትኛው ዘይት? 1 ኪሎ የወይራ ዘይት ወደ 135 ግራም ካስቲክ ሲፈልግ 1 ኪሎ የኮኮናት ዘይት 180 ግራም አካባቢ ይፈልጋል፣ ካስቲኩ ከበዛ ያልተዋሃደው ሳሙናው ውስጥ ይቀርና የሚታጠብበትን ሰው ያቃጥላል። የሚጠቀሙትን ዘይት አይነት ሳይለዩ ያንን ወረቀት ተከትለው እንዳይሰሩ። ሲበጠብጡም ካስቲኩን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ ነው፣ ውሃውን ካስቲኩ ላይ አይደለም፣ ሲገባ በጣም ይሞቃል። ከሁሉ በላይ ግን የአሉሚኒየም ድስት አይጠቀሙ፣ ካስቲክ አሉሚኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ እሳት ካገኘ የሚፈነዳ ነው። ስቴንለስ ስቲል ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ አይንኩት፣ ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ እያጠቡ ወደ ሀኪም ቤት፣ ኮምጣጤ ምናምን ደርቦ መጨመር አያስፈልግም።

የጋሼን ጥያቄ ካነሳን አይቀር እንደ ሶዳ ያሉ ሌሎችም አሉ። ቤንዚን አንዱ ነው፣ መኪና ላይ የምንቀዳው ቤንዚን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው፣ ላብ ውስጥ ግን በዚሁ ስም የሚጠራ 6 ካርበንና 6 ሃይድሮጅን ብቻ ያለው አንድ ንጹህ ውህድ አለ፣ 80 ዲግሪ ላይ የሚፈላ፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ። ሁለቱን አማርኛ ላይ አንድ አይነት ነው የምንጽፋቸው፣ ስለዚህ ላብ ውስጥ ቤንዚን ሲባል የቱ ብላችሁ ጠይቁ። ጋዝም እንደዛ ነው፣ አንዱ ጋር ላምባ ነው፣ ሌላው ጋር የሲሊንደሩ ቡቴን ነው፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጠጣር ፈሳሽ ጋዝ የሚባለው ነው። አልኮል ሲባልም ኢታኖል ነው ወይስ ሜታኖል? ሁለቱም ውሃ የመሰሉ ናቸው፣ ሜታኖል ግን ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተቀይሮ የዓይን ነርቭ ያጠፋል ይገድላልም። ደግሞ ጋራዥ ቤት ያለውን አስቡት፣ "የባትሪ ውሃ" የሚሉት የነጠረ ውሃ ነው፣ ከጎኑ ያለው የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው ሲሶ ያህሉ፣ ሁለቱም ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ተቀድተው ይቀመጣሉ። ልጅ ጠምቶት ያነሳዋል እኮ! እባካችሁ የሚጠጣ ነገር በነበረበት ዕቃ ውስጥ ኬሚካል አታስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሰራው። እዚህ ክሎሮክስ የሚሉት በረኪና ነው አይደል? ማዳም ሽንት ቤቱ ቶሎ እንዲነጣ ከሌላው ማጽጃ ጋር ደባልቂው ትለኛለች፣ ሳደርገው ሳል ያፍነኛል ዓይኔ ያለቅሳል። ምን እየሆነ ነው?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ዛሬውኑ መደባለቁን አቁሚ። ክሎሮክስ፣ በረኪና፣ ብሊች ሁሉም አንድ ነገር ናቸው፣ የላብ ስማቸው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። የሽንት ቤት ማጽጃዎች ብዙዎቹ አሲድ አለባቸው፣ ጠርሙሱ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚል ታገኛለሽ። በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፣ እንደ ጦር መሳሪያ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የተለቀቀው ጋዝ ራሱ ነው፣ በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። የመስታወት ማጽጃ ውስጥ ያለው አሞኒያ ጋር ከተደባለቀም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣል፣ ኮምጣጤም አሲድ ነውና ከሱም ጋር አይሆንም። በረኪናን ከውሃ ውጭ ከምንም ጋር አታገናኚው። በአንዱ ካጸዳሽ በደንብ በውሃ አጥበሽ ካስወገድሽ በኋላ ነው ሌላውን የምትጠቀሚው፣ በርና መስኮት ክፍት ሆኖ። ለማዳምም ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ በአረብኛ አሳያት፣ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉ የሚል አብዛኛው ላይ ተጽፏል። ካፈነሽ ወዲያው ውጪ አየር ወዳለበት ውጪ፣ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ካልቆመ ሀኪም ጋር መሄድ አለብሽ፣ ክሎሪን አንዳንዴ ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚብሰው።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ በዲቪ መጥቼ አሁን ነርሲንግ ለመግባት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ እየወሰድኩ ነው። የዕቃዎቹን ስም ይዣለሁ፣ የሚያስቸግረኝ ኢንስትራክተሯ በፍጥነት የምትላቸው ግሶች ናቸው፣ ስወርል፣ ዲካንት፣ ቴር፣ ሪንስ፣ ዋፍት... ሁሉም ሰው እየሰራ እኔ ቆሜ አያለሁ።

መልስ፦ ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያተኮርሽው፣ ላብ ውስጥ ስሞቹ መጽሐፍ ላይ በስዕል አሉ፣ እጅሽ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግሩሽ ግን ግሶቹ ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም።

ስወርል ማለት የፍላስኩን አንገት ይዘሽ ታቹን በክብ ማዞር ነው፣ ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ይሽከረከራል እንጂ ወደ ላይ አይዘልም። ሼክ ሌላ ነው፣ እሱ ተከድኖ የሚናጥ ነው። ኧርለንማየር ፍላስክ፣ ያ ታቹ ሰፊ አፉ ጠባብ የሆነው፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ኧርለንማየር ያወጣው ቅርጹ ለዚሁ ነው፣ ስታዞሪው አይረጭም፣ ታይትሬሽን፣ መጠኑ በሚታወቅ ብጥብጥ የማይታወቀውን መለካት ማለት ነው፣ የሚሰራበትም ለዛ ነው። ዲካንት አማርኛ ላይ ጥሩ ቃል አለው፣ ማቅረር፣ ጠላ አተላው ታች ሲቀር ላዩ ቀረረ እንደሚባለው፣ ዝቃጩ እስኪተኛ ጠብቀሽ የጠራውን ቀስ ብሎ ማፍሰስ። ፊልተር ደግሞ በወረቀት ማጥለል ነው፣ ሁለቱን አታምታቻቸው፣ አንዳንዴ መጀመሪያ አቅርረሽ ከዛ የቀረውን ታጠልያለሽ።

ቴር ባዶ ዕቃውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ዜሮ ማድረግ ነው፣ ከዛ በኋላ የምታነቢው የጨመርሽውን ብቻ ነው። ዋፍት ሽታን በእጅ እያራገቡ ወደ አፍንጫ ማምጣት ነው፣ አፍንጫን ጠርሙሱ አፍ ላይ መድቀን ክልክል ነው።

ሪንስ ማለቅለቅ ነው፣ ግን በምን የሚለው ነው ነጥብ የሚያስቀንሰው። ቡሬትና ፒፔት፣ ፈሳሽ የሚለካባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች፣ የሚለቀለቁት መጨረሻ ላይ ራሱ በሚሞላባቸው ብጥብጥ ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳቸው ላይ የነጠረ ውሃ ከቀረ ብጥብጥሽን ያቀጥነዋል። ፍላስኩ ግን በነጠረ ውሃ ብቻ ነው የሚለቀለቀው፣ በብጥብጡ ካለቀለቅሽው ያልለካሽው ትርፍ ሞል እዛ ውስጥ ይቀራል። ውሃ ፍላስኩ ውስጥ ቢቀር ችግር የለውም፣ የገባው ሞል አይቀየርምና። ይሄን አንዴ ከገባሽ ሪንስ በተባለ ቁጥር አትደናገጪም።

ቡሬት ላይ ሪድ ዘ ሚኒስከስ ካለችሽ የፈሳሹን ጎድጎድ ያለ መሀል ዝቅተኛውን ቦታ ዓይንሽን በዛው ከፍታ አድርገሽ አንብቢ፣ ከላይ ወይ ከታች ሆነሽ ካየሽው ቁጥሩ ይዛባል። አመልካቹ፣ አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየው ማለት ነው፣ ፊኖልፍታሊን ከሆነ ቀለም ከሌለው ወደ ፈዛዛ ሮዝ ተቀይሮ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ በቃ ደርሰሻል፣ ደማቅ ሮዝ ከሆነ አልፈሻል ማለት ነው።

የመለያ ቃላትም ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ፍላመብል እና ኢንፍላመብል ተቃራኒ አይደሉም፣ ሁለቱም በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ናቸው። "ኢን" ስላለበት የማይቀጣጠል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ደግሞ በተለይ። የማይቀጣጠለው ነንፍላመብል ነው። ኤስዲኤስ የምትላችሁ ደግሞ የእያንዳንዱ ኬሚካል የደህንነት ወረቀት ነው፣ 16 ክፍል አለው፣ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌለሽ ክፍል 2 አደጋው፣ ክፍል 4 የመጀመሪያ ዕርዳታው፣ ክፍል 8 ምን መልበስ እንዳለብሽ ነው፣ ከላብ በፊት በነበረው ማታ እነዚህን ሶስቱን እይ። እና ያላወቅሽውን ግስ ቆመሽ ከማየት "ሾው ሚ" በያት፣ ማንም አይቆጣም፣ ሳይገባው የሚያፈስ ተማሪ ነው የሚያስፈራው።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር አንድ ፋብሪካ ላብ ውስጥ በቅርቡ ተቀጥሬያለሁ፣ በኬሚስትሪ ነው የተመረቅኩት። ጠርሙሶቹ ላይ ኤ አር፣ ኤል አር የሚል አለ፣ ፒፔቱ ላይ ቲ ዲ የሚል አለ፣ ሱፐርቫይዘሬ አሊኮት ውሰድ ብላንክ አሂድ ይላል። ግቢ እያለን በቲዎሪ ነው የተማርነው፣ ለመጠየቅም አፈርኩ።

መልስ፦ ወንድሜ ኤ አር ማለት ለትንተና የሚሆን ንጽህና ያለው ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቆሻሻ በመቶኛ ተዘርዝሮ ታገኘዋለህ። ኤል አር ለተራ የላብ ስራ ነው፣ ዕቃ ለማጠቢያ ለማሳያ ይሆናል፣ ስታንዳርድ ብጥብጥ፣ መጠኑ በትክክል የታወቀ ማለት ነው፣ ግን በሱ አትስራ። አሊኮት ከትልቁ ናሙና በትክክል ተለክቶ የተወሰደ ክፋይ ነው፣ ለምሳሌ ከ250 ሚሊ ሊትር ላይ በፒፔት የተወሰደ 25 ሚሊ ሊትር። ብላንክ ደግሞ ሁሉም ነገር እንዳለ ሆኖ ናሙናው ብቻ የሌለበት ሙከራ ነው፣ ውሃህና ሪኤጀንትህ ራሳቸው የሚሰጡትን ቁጥር ታውቅና ከውጤትህ ትቀንሳለህ። ብላንክ ሳያሂድ ሪፖርት የሚያደርግ ላብ ናሙናውን ነው ወይስ የራሱን ቆሻሻ የለካው አይታወቅም።

ቲ ዲ ዕቃው የሚያስተላልፈው መጠን ትክክል ነው ማለት ነው፣ ፒፔትና ቡሬት እንደዛ ናቸው፣ ጫፉ ላይ የምትቀረዋ ጠብታ ታስባ ነው የተሰራው፣ ስለዚህ እፍ ብለህ አታውጣት፣ ላዩ ላይ የእፍታ ምልክት የሆነ ቀለበት ካለበት ብቻ ነው እፍ የሚባለው፣ እሱም በጎማ እንጂ በአፍ አይደለም። ቲ ሲ ደግሞ የሚይዘው መጠን ነው ትክክል፣ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ እንደዛ ነው። የአውሮፓ ዕቃ ከሆነ ኢ ኤክስ እና አይ ኤን ብሎ ታገኘዋለህ፣ ያው ነው። 20 ዲግሪ የሚለውም የተለካበት ሙቀት ነው። ቢከር ላይ ያለው መስመር ግን ለግምት ነው፣ እስከ 5 በመቶ ይሳሳታል፣ በሱ ለክተህ ስታንዳርድ ሰራሁ እንዳትል።

እኔ ግን ከነዚህ ሁሉ በላይ እንድታነባት የምፈልጋት ቃል መለያው ላይ በትንሽ ፊደል የምትጻፈውን ነው፣ አንሃይድረስ (ውሃ የሌለበት) ወይስ ሃይድሬት (ውሃ የያዘ) የምትለውን። ኮፐር ሰልፌት ውሰድ፣ ሰማያዊው ከ5 ውሃ ጋር የተያያዘ ፔንታሃይድሬት ነው፣ ሞላር ክብደቱ 249.68፣ ነጣ ያለው አንሃይድረሱ ደግሞ 159.61 ነው። 1 ሊትር 0.1 ሞላር ለመስራት ከሰማያዊው 24.97 ግራም ነው የሚያስፈልግህ፣ የአንሃይድረሱን ስሌት ይዘህ 15.96 ግራም ሰማያዊ ከመዘንክ 0.064 ሞላር ነው የሚወጣህ። ብጥብጡ ያው ሰማያዊ ነው፣ ዓይንህ አይነግርህም፣ ከዛ በኋላ በሱ የሚለካው ሁሉ ስህተት ይሆናል። የሰራኸው ብጥብጥ ላይም ሙሉ ስሙን፣ ሃይድሬቱን፣ ሞላሪቲውን፣ ቀኑንና ስምህን ጻፍ፣ "ኮፐር" ብቻ ብለህ አትተው። መጠየቁን ደግሞ አትፈር፣ አዲስ ሰው የሚጠየቅበት ጊዜ አሁን ነው።

ጥያቄ፦ የሶዲየም ምልክት ለምን ኤን ኤ ሆነ? የፖታሲየምስ ለምን ኬ? (ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ጎንደር)

መልስ፦ ከላቲን ስማቸው ናትሪየም እና ካሊየም ስለተወሰደ ነው፣ በፊደል የመጻፉን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ ያስጀመረው ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው። ካሊየም ራሱ የመጣው አልካሊ ከሚለው የአረብኛ ቃል ነው፣ የተክል አመድ ማለት ነው፣ ፖታሲየም ከአመድ ይገኝ ስለነበር። በነገራችን ላይ የእናንተ የመጻፊያ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ንጥረ ነገር የለም፣ ግራፋይት ነው ያለው፣ ካርበን ማለት ነው። የቤታችሁ ጣሪያ ቆርቆሮም ቆርቆሮ የሚባለው ንጥረ ነገር አይደለም፣ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ፈተና ላይ እነዚህ ሁለቱ እንዳይሸውዷችሁ።

ጥያቄ፦ ገጠር 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ላብ የለንም። ቃላቱን በአማርኛ ላስተምር ወይስ በእንግሊዝኛ? ልጆቹ 9ኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል።

መልስ፦ መምህር፣ ለሚደረገው ነገር አማርኛውን ይጠቀሙ፣ ማጥለል፣ ማቅረር፣ ማትነን፣ ማንጠር፣ ማለቅለቅ፣ ልጁ እነዚህን ከቤቱ ይዟቸው ነው የሚመጣው፣ ሃሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ለዕቃውና ለኬሚካሉ ግን ዓለም አቀፉን ስም ከመጀመሪያው ያስይዟቸው፣ ቢከር፣ ፒፔት፣ ሶዲየም ካርቦኔት። በግድ አዲስ አማርኛ ፈጥሮ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት እንዲጥለው ማድረግ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል፣ በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፣ እኔ ግን ክፍል ውስጥ ካየሁት ተነስቼ ነው የምለው።

ላብ ባይኖርም አሲድ፣ ቤዝ እና አመልካች የሚሉትን ሶስቱን ቃላት በአንድ ክፍለ ጊዜ ማሳየት ይቻላል። ከርከዴ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ በሶስት ብርጭቆ ይክፈሉት። አንዱ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፣ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሁለተኛው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ፣ ቀዩ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይጠቁራል። ሶስተኛው እንዳለ ይቀመጥ፣ ከላይ ብላንክ ያልነው እሱ ነው። ልጆቹ ከዛ የየቤታቸውን ነገር ያምጡ፣ ኮምጣጤ፣ የሳሙና ውሃ፣ የአመድ ውሃ፣ እየጨመሩ የትኛው ወገን እንደሆነ ራሳቸው ይመድቡ፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ፊት ስሙን በሁለቱም ቋንቋ በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ። በረኪና ግን እንዳያመጡ፣ አጠገቡ ሎሚና ኮምጣጤ ስላለ። የአመዱ ውሃ ከመጣ በጨርቅ ይጠለል፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፣ ሲጨርሱ ሁሉም እጁን ይታጠብ፣ ከብርጭቆዎቹም ማንም እንዳይቀምስ ከመጀመሪያው ይንገሯቸው።